ጋውን የለበሰ ሁሉ የቆዳ ሐኪም አይደለም

ጥር በጎጃም የሠርግ ወር ነው። ጥምቀት አለፍ ሲል ከባሕር ዳር እስከ ደጀን ድንኳን ያልተተከለበት ሰፈር ማግኘት ይከብዳል። ታዲያ ከገና ጀምሮ ስልካችን ላይ የሚጎርፈው ማስታወቂያም አብሮ ይደምቃል። «ማድያት በ7 ቀን ቻው!»፣ «ብጉርና ጠባሳ በአንድ ጊዜ»፣ «ለሙሽሮች ልዩ ቅናሽ»። ከጽሑፉ አጠገብ ግማሹ የጠቆረ፣ ግማሹ የፈካ ፊት አለ። ከታች ስልክ ቁጥር አለ። የሐኪም ስም ግን አብዛኛውን ጊዜ የለም።

ዛሬ የማወራው ስለዚያ ስለሌለው ስም ነው። ሌዘሩም፣ ፒሊንጉም (የላይኛውን ቆዳ በአሲድ መላጡ)፣ መርፌውም ሕክምና ነው። «ውበት» የሚል ስም ስለወጣለት ከሕክምናነት አይወጣም። ያቃጥላል፣ ጠባሳ ይተዋል፣ አንዳንዱም ዓይን ያጠፋል። ስለዚህ «ማን ይንካኝ?» የሚለው ጥያቄ «ስንት ነው?» ከሚለው መቅደም አለበት። የእኔ መለኪያ ቀላል ነው። ዋጋ ከመጥራቱ በፊት ችግሬ ምን እንደሆነ የሚነግረኝን ሰው እመርጣለሁ።

ዶክተሩ ማን ናቸው?

በእኛ አገር ነጭ ጋውን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ይባላል። ቡሬም ሂዱ ሞጣ፣ ጤና መኮንኑ ዶክተር ነው፣ ነርሷ ዶክተር ናት፣ መድኃኒት ቤት የቆመው ልጅም ዶክተር ነው። አክብሮት ነው፣ ክፋት የለውም። ለፊት ቆዳ ሲሆን ግን ልዩነቱን ማወቅ ያስፈልጋል።

ከሕክምና ትምህርት ቤት የተመረቀ ሐኪም ጠቅላላ ሐኪም ነው። ከዚያ በኋላ በአንድ ዘርፍ ለተጨማሪ ዓመታት የተማረው ደግሞ ስፔሻሊስት። ለቆዳ የምትፈልጉት «የቆዳና የአባላዘር በሽታዎች ስፔሻሊስት» የተባለውን ነው። ሁለቱ ዘርፎች አንድ ላይ ስለሚሰጡ ታፔላው ላይም አብረው ይጻፋሉ። «አባላዘር» የሚለውን አይተው፣ ሰው ያየኛል ብለው ከበር የሚመለሱ አሉ። ለማድያት ነው የመጣችሁት፣ ግቡ። ቆዳ መቁረጥና መስፋት ካለበት፣ ለምሳሌ ለትልቅ የቃጠሎ ጠባሳ፣ ፕላስቲክ ሰርጀን ያስፈልጋል።

ከእነዚህ ውጭ የአጭር ጊዜ ሥልጠና ሰርተፊኬት አለ። ዱባይ ወይም ቱርክ ተሄዶ፣ አንዳንዴም በኢንተርኔት የተወሰደ፣ በሚያምር ፍሬም ግድግዳ ላይ የተሰቀለ። የቆዳ ስፔሻሊስት እንዲህ ያለ ሥልጠና ቢጨምር እሰየው። ሰርተፊኬቱ ብቻውን ግን ሐኪም አያደርግም።

ግድግዳው ላይ የምትፈልጉት ወረቀት ሌላ ነው። አንደኛው የባለሙያው የሙያ ፈቃድ ሲሆን፣ ሙያው ምን እንደሆነ ተጽፎበታል፤ በየጊዜው መታደስ ስላለበት ቀኑንም እዩ። ሁለተኛው የጤና ተቋሙ ፈቃድ ነው፤ ቤቱ በምን ደረጃ እንደሚሠራ ይናገራል። የንግድ ፈቃድ ከሁለቱም አይደለም። የውበት ሳሎን ንግድ ፈቃድ ይዞ ፀጉር ሊሠራ፣ ጥፍር ሊቀባ ይችላል፤ መርፌ ሊወጋ ግን አይችልም። ከተጠራጠራችሁ የከተማችሁን ጤና ጽሕፈት ቤት ወይም ባሕር ዳር ያለውን የክልሉን ጤና ቢሮ ጠይቁ።

«ፈቃድዎን ያሳዩኝ» ማለት ለእኛ ሰው እንደሚከብድ አውቃለሁ። ይሉኝታ ይይዛል። እንግዲያውስ ከመሄዳችሁ በፊት ደውሉና መልሱን ስሙ።

«የሚሠሩልኝ ሐኪም ማን ይባላሉ?»

«ዶክተር አሉን፣ አታስቢ።»

«የቆዳ ስፔሻሊስት ናቸው?»

«ማሽኑ የኮሪያ ነው፣ ምንም አይልሽም!»

ስለ ሰው ተጠይቆ ስለ ማሽን የመለሰ ቤት መልሱን ሰጥቷል። ስሙን ከነገሯችሁ ደግሞ አንድ ነገር ጨምሩ፤ እጁን የሚያሳርፈው እሱ ራሱ ነው ወይ? አምስት ደቂቃ ዶክተሩን አሳይተው ሌዘሩን ለሌላ ሰው የሚሰጡ ቤቶች አሉ። ረዳት መሥራቱ ብቻውን ጥፋት አይደለም። ሠልጥኖ ይሁን፣ ዶክተሩስ እዚያው ይኑሩ አይኑሩ ማወቅ ግን መብታችሁ ነው።

ለመጀመሪያው ምርመራ የግል ክሊኒክ ግዴታ አይደለም። ባሕር ዳር ላይ ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ጊዮን ሆስፒታሎች የቆዳ ሕክምና ይሰጣሉ። ሰልፉ ያስመርር ይሆናል፤ ነገር ግን እዚያ የተቀመጠው ሐኪም ምንም የሚሸጥላችሁ ማሽን የለውም። አዲስ አበባ ያለው አለርት በ1965 (እ.ኤ.አ.) ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ሲባል ተቋቁሞ ዛሬ በቆዳ ሕክምና የታወቀ ነው። ከደብረ ማርቆስ አባይን ተሻግሮ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ቅርብ አይደለም። ለከባድ ነገር ግን አማራጭ መኖሩን እወቁ።

ከመንካት በፊት ማየት

ጎበዝ የቆዳ ሐኪም መጀመሪያ ያያል። ሜካፑን አስጠርጎ፣ ወደ ብርሃን አዙሮ፣ በማጉያ መነጽር ቀርቦ ያያል። ይዳስሳል። ቀጥሎ ጥያቄ ይመጣል። መቼ ጀመረ? የወሊድ መከላከያ ትወስጃለሽ? እርጉዝ ነሽ? ቤተሰብ ውስጥ ጆሮ ሲበሳ እያበጠ የሚያድግ ጠባሳ ያለበት አለ? ይህ የመጨረሻው ኬሎይድን ለማወቅ ነው፤ ጥቁር ቆዳ ላይ ይበዛል። ያ ዝንባሌ ያለበትን ሰው በሌዘር ወይም በመርፌ የነካ ሰው አዲስ ጠባሳ ሊያበቅልበት ይችላል።

ይህ ሁሉ ለምን? ፊት ላይ ያለ ነገር ሁሉ የውበት ጉዳይ ስላልሆነ ነው። ጉንጭ ወይም አፍንጫ ላይ ወራት የቆየ፣ የማያመው እብጠት ወይም ቁስል ቁንጭር ሊሆን ይችላል። ቁንጭር በደጋማው የአገራችን ክፍል ያለ በሽታ ነው። ሽኮኮ ላይ የሚኖረውን ጥገኛ ተሕዋስ የአሸዋ ዝንብ የምትባል ትንሽዬ ዝንብ ወደ ሰው ታመጣዋለች። መድኃኒቱ ሌላ ነው፤ ፒሊንግ አያድነውም። ነጣ ያለ፣ ሲነኩት ስሜት የሌለው ምልክት ደግሞ ሥጋ ደዌ ሊሆን ይችላል። ሥጋ ደዌ ዛሬ በነፃ ይታከማል፣ ይድናልም። ቋቁቻ ነው ተብሎ ቅባት እየተቀቡ ከቆዩ ግን ነርቭ ይጎዳል።

ጥቁር ነጥብ «በሌዘር አንሡልኝ» የሚሉም አሉ። ከልጅነት ጀምሮ ያለ፣ ማርያም የሳመችው የምንለው ምልክት ብዙውን ጊዜ ችግር የለውም። እየሰፋ፣ ቀለሙ እየተዘበራረቀ የሚሄደውን ግን ሳይመረመር ማቃጠል አደገኛ ነው። ሜላኖማ የሚባለው የቆዳ ካንሰር ጥቁር ሰው ላይ መርገጫና ጥፍር ሥር መውጣት ይወዳል። በ1981 (እ.ኤ.አ.) የሞተው ቦብ ማርሌይ ሕመሙ የጀመረው ከእግር ጣቱ ጥፍር ሥር ነበር። መጀመሪያ የኳስ ጉዳት ነበር የመሰለው።

በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ

ከሐኪም ጋር የሚደረገው ወሬ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው።

«እህቴ፣ ፊትሽን ምን ትቀቢያለሽ?»

«ኧረ ምንም!»

«ማታ ማታስ?»

«ያቺን ነጯን ቅባት ብቻ። እሷ እኮ ምንም አትልም።»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚባለው ለዚህ ነው። ነጯ ቅባት ብዙ ጊዜ ስቴሮይድ ናት። ክሎቤታዞል ወይም ቤታሜታዞን የሚል ቃል ቱቦው ላይ ፈልጉ። ስቴሮይድ መጥፎ መድኃኒት አይደለም፤ ለችፌና ለአለርጂ ሐኪም ያዘዋል። ፊት ላይ ለወራት ሲቀባ ግን ቆዳውን ያሳሳዋል፣ ደም ሥሮቹ ይታያሉ፣ ፀጉር ያበቅላል፣ ብጉር ያመጣል። ሲያቆሙት ደግሞ ፊት ይቀላል፣ ያሳክካል፣ ያብጣል። «አልለቅ አለኝ» ተብሎ ይመለሱበታል። እንዲህ ሆኖ የሳሳ ፊት ላይ ሳይጠይቅ ፒሊንግ የሚያደርግ ሰው ምን እንደሚያደርግ አያውቅም ማለት ነው።

ስያሜ የሌላቸው፣ ሱቅ ውስጥ በትንሽ ዕቃ ተቀንሰው የሚሸጡ ማፍኪያዎች ከዚህም ይብሳሉ። አንዳንዶቹ ሜርኩሪ አላቸው። ሜርኩሪ በቆዳ በኩል ገብቶ ኩላሊት ይጎዳል፤ በትራስና በፎጣ ወደ ሕፃናትም ይሻገራል። ሚናማታ የሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ሜርኩሪ የተጨመረባቸውን ማፍኪያዎች ከገበያ እንዲወጡ ይጠይቃል። ሃይድሮኪኖን ያለበት ደግሞ በሐኪም ክትትል ለተወሰነ ጊዜ ማድያትን ይቀንሳል። ያለ ክትትል ዓመታት ከተቀባ ግን ቆዳን ሰማያዊ ወደሆነ ጥቁርነት ሊለውጥ ይችላል። ያንን ማስለቀቅ ከማድያቱ ይከብዳል።

ስለዚህ ያለውን ቅባት ሁሉ፣ ባዶውን ቱቦ ሳይቀር፣ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ። ጥሩ ሐኪም አይቆጣም፤ አንድ በአንድ አውጥቶ ያነባል።

ማድያትን በተመለከተ ሐቀኛ ሐኪም «ይጠፋል» ሳይሆን «ይቀንሳል፣ እንዳይመለስ እንከላከላለን» ነው የሚለው። እርግዝና፣ የሆርሞን መድኃኒት፣ ዘር፣ ሙቀት፣ ከሁሉም በላይ ፀሐይ ያመጡታል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር ጎጂው የፀሐይ ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት። ብርዱ ስላለ ፀሐዩ የማይጎዳ ይመስለናል እንጂ ይጎዳል። ሰንስክሪንና ባርኔጣ ሳያነሣ ቀጥታ ወደ ሌዘር የሚገባ ሰው ዘንድ ባትሄዱ ይሻላል።

ሌዘርና የእኛ ቆዳ

ሌዘር ብርሃን ነው። ብርሃኑ ጥቁሩን ነገር ፈልጎ ያሞቀዋል። የፀጉር ሥርም፣ ማድያትም፣ ንቅሳትም ጥቁር ስለሆነ ያገኘዋል። ጣጣው የእኛ ቆዳ ራሱም ጥቁር መሆኑ ነው። ማሽኑ በትክክል ካልተስተካከለ ዒላማውን ትቶ ቆዳውን ያበስለዋል። ውጤቱ እንደ ሳንቲም የከበበ ጥቁር ወይም ነጭ ጠባሳ ነው።

ፊትዝፓትሪክ የተባሉ አሜሪካዊ የቆዳ ሐኪም በ1975 (እ.ኤ.አ.) ቆዳ ለፀሐይ በሚሰጠው ምላሽ መሠረት መመደቢያ አወጡ፤ በኋላ እስከ ስድስት ደረጃ ደረሰ። አብዛኛው ኢትዮጵያዊ ከአራት እስከ ስድስት ባለው ውስጥ ነው። ሌዘር የሚሠራላችሁን ሰው «የእኔ ቆዳ ስንተኛ ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። ጥያቄው ግራ ካጋባው ተነሡ። ሁለተኛው ጥያቄ የማሽኑ የብርሃን ሞገድ ስንት ናኖሜትር ነው የሚል ነው። ለጥቁር ቆዳ የተሻለ ደኅንነት ያለው 1064 ናኖሜትር የሆነው ነው። ሞገዱ ረጅም ስለሆነ የላይኛውን ቀለም ብዙም ሳይነካ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። አይፒኤል የሚባለው ማሽን ግን ሌዘር አይደለም፤ የተደበላለቀ ብርሃን ነው፣ ጥቁር ቆዳ ላይም በቀላሉ ያቃጥላል። ሦስተኛ፣ ሙሉ ፊት ከመሠራቱ በፊት ጆሮ ሥር ወይም አገጭ ሥር ትንሽ ቦታ ላይ ተሞክሮ ጥቂት ሳምንት መጠበቅ አለበት። «ዛሬውኑ እንጨርሳለን» የሚል ቤት ችኩል ነው፤ ቆዳ ደግሞ ችኩል አይወድም። ሲሠራም ዓይናችሁ በመከለያ መሸፈን አለበት።

በጎጃም ሌላ የሌዘር ጉዳይ አለ፤ የአንገትና የአገጭ ንቅሳት። እናቶቻችን በልጅነታቸው በመርፌና በጥላሸት የተነቀሱት ነው። አንዳንዷ ዛሬም ትኮራበታለች፤ አንዳንዷ ደግሞ ከተማ ገብታ፣ ሥራ ይዛ፣ ወይም ዓረብ አገር ልትሄድ ስትል ይጥፋልኝ ትላለች። ሁለቱንም አከብራለሁ። የሚገርመው ደስ የሚል ነገር አለ፤ ጥላሸት በአብዛኛው ካርቦን ስለሆነ ከዘመናዊው ባለ ብዙ ቀለም ንቅሳት ይልቅ በቀላሉ ለሌዘር ይበተናል። የሚያስፈልገው ኪው ስዊችድ የሚባለው፣ በቢሊዮንኛ ሰከንድ የሚቆጠር ብልጭታ የሚሰጥ ባለ 1064 ሌዘር ነው። ብልጭታው ቀለሙን ያደቅቀዋል፤ ከዚያ ሰውነት ራሱ ቀስ እያለ ያነሣዋል። ስለዚህ በየመሐሉ የሳምንታት ዕረፍት ያላቸው ተደጋጋሚ ቀጠሮዎች ያስፈልጋሉ። ለፀጉር ማንሻ የተገዛ ማሽን ይህን አይሠራም፤ ያቃጥላል። በአሲድ ማስለቀቅማ ጭራሽ አይታሰብ። አንገት ላይ ንቅሳቱ ሄዶ ያበጠ ኬሎይድ ተተክቶ የቀረባቸው ሴቶች አሉ። ለዚያ ደግሞ ነጠላ እንጂ ሌዘር አይደርስለትም።

ፒሊንግ ላይ ብዙ አልቆይም። ግላይኮሊክና ሳሊሲሊክ አሲድ በቀላል መጠን፣ በሚያውቅ እጅ፣ ለእኛም ቆዳ ይሆናሉ። ጥልቅ የሆነው፣ በተለይ ፌኖል የሚባለው፣ ለጥቁር ቆዳ አይመከርም፤ የልብ ምትንም ሊያዛባ ስለሚችል ሳሎን ውስጥ የሚሠራ ነገር አይደለም።

መርፌ ሲመጣ

ፒአርፒ ከእናንተው ደም ተወስዶ፣ በማሽን ተሽከርክሮ፣ ተመልሶ ፊታችሁ ላይ የሚወጋ ነው። በአሜሪካዋ ኒው ሜክሲኮ ግዛት ፈቃድ በሌለው አንድ የውበት ቤት ይህን ያሠሩ ሴቶች ኤችአይቪ ተገኘባቸው። ምርመራው በ2018 (እ.ኤ.አ.) ተጀምሮ የአገሪቱ የበሽታ መከላከያ ማዕከል በ2024 ይፋ አደረገው። መርፌ ደግመው ይጠቀሙ ነበር፤ ስም ያልተጻፈበት የደም ቱቦም ተገኝቷል። ስለዚህ መርፌው ከነማሸጊያው ፊታችሁ ይቀደድ። ቱቦው ላይ ስማችሁ ይጻፍ። ይህን መጠየቅ ማካበድ አይደለም፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ፊለር ከንፈርና ጉንጭ የሚሞላ ነው። በስሕተት ደም ሥር ውስጥ ከገባ ደም ይዘጋል፤ ቆዳ ይሞታል፣ ዓይን ሊጠፋ ይችላል። «ልኳል ብላ ዓይኗን አጠፋች» የሚለው ተረት እዚህ ላይ ቀልዱ ያልቃል። አብዛኛው ፊለር ሃያሉሮኒክ አሲድ ነው፤ ማሟሚያ መድኃኒት አለው፣ ሃያሉሮኒዳዝ ይባላል። «እሱ እዚህ አለ?» በሉ። ከሌለ ፊለሩም ይቅር። የፊት መጨማደድን ለመቀነስ የሚወጋው ቦቶክስ ደግሞ ቀዝቃዛ ቦታ መቀመጥ የሚፈልግ መድኃኒት ነው። መብራት እንዴት እንደሚጠፋ እናውቃለን፤ ፍሪጁ ጄኔሬተር አለው ወይ ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

ቀለም ለማፍካት የሚሰጥ የግሉታታዮን መርፌ ላይ ምክሬ አጭር ነው፤ አትወጉ። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ለዚህ ጥቅም የፈቀደው አንድም መርፌ የለም፤ አደጋውንም አስጠንቅቋል።

የብጉር ክኒን ለሚወስዱ ሴቶችም አንድ ነገር ልበል። አይሶትሬቲኖይን የሚባለው መድኃኒት እርግዝና ላይ ከደረሰ ፅንሱን ክፉኛ ይጎዳል። የእርግዝና ምርመራ ሳያዝና ስለ መከላከያ ሳይነግር ይህን ክኒን የሰጠ ሰው ጥሩ ሐኪም አይደለም፤ ሙሽራ ከሆናችሁ ደግሞ ይበልጥ ተጠንቀቁ።

ሠርጋችሁ ጥር ከሆነ ሐኪም ዘንድ መሄጃው መስከረም ነው። ቆዳ ራሱን የሚያድሰው በወር ገደማ ነው፤ ለውጥ የሚታየው በወራት ነው። ሳምንት ሲቀር ማንም ፊታችሁን በአሲድም በሌዘርም እንዳይነካው። ያን ጊዜ የሚያስፈልገው ጎበዝ ሜካፕ ሠሪ ነው።

ከተበላሸስ?

ትኩስ ቃጠሎ ከሆነ ለ20 ደቂቃ በሚወርድ ቀዝቃዛ ውሃ አብርዱት። ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ እንቁላል አይነካው። ፊለር ከተወጋችሁ በኋላ ቆዳው ከነጣ፣ ኃይለኛ ሕመም ከመጣ ወይም ዓይን ከደበዘዘ በዚያው ሰዓት ሐኪም ጋ ተመለሱ፤ ነገ የሚባል ነገር የለም። ስቴሮይድ ለወራት የተቀባችሁ ደግሞ በራሳችሁ ድንገት አታቁሙት፤ ሐኪሙ ቀስ በቀስ ያስቆማችኋል። የጠቆረውን አትፈትጉት፣ ሌላ ቅባትም አትደርቡበት።

አቤቱታም ይቻላል። ባለሙያውንና ክሊኒኩን በተመለከተ ወደ ጤና ቢሮ፣ ቅባቱንና መድኃኒቱን በተመለከተ ወደ ኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን፣ በነፃ የስልክ መስመሩ 8482። ከመሄዳችሁ በፊት ቁስሉን በየቀኑ ፎቶ አንሡ፣ ቱቦውንና ማሸጊያውን አትጣሉ። ደረሰኝ አልሰጧችሁም? በቴሌብር ከከፈላችሁ መልእክቱን አታጥፉት፤ የተከፈለው ሰው ስም፣ ቀኑና ብሩ እዚያ ላይ አለ።